ገበር ያጣ ነርቭ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ከስፌት መኪናህ ጋር ታረቀ? እማዬ፣ እትዬ ሚስትህ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ሆዴ ግን አሯል፤ ያሳረርከውም አንተ ነህ። ሰላምታውን ያስቀደምኩት እማዬ ያሳደገችኝ እንደዚያ ስለሆነ ብቻ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጨርቅ ከእህታችን ከሚጣ እጅ ሲያመልጥ ደንበኛ ፊት ምን አልካት? "ጠጥተሽ ነው የመጣሽው፤ ሰካራም ስፌት ቤቴ አይቆምም" ብለህ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ ወሰድክ። አሥራ አንድ ዓመት አብራህ የሰፋች እህትህን። ሐኪሙ በኋላ የነርቭ በሽታ ነው ሲል፣ ሐኪም ለሁሉም ነገር ስም አያጣም ብለህ አላገጥክ። እሷም ስትንገዳገድ ጎረቤት እንዳያያት ከቤት መውጣት ተወች።

ሐኪሙ ከክንዷ ላይ ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰች ቆዳ ቆርጦ እኔ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ ላከ። እኔም ለማነጻጸሪያ የራሴን ሰጠሁ። እዚህ የቆዳውን ሴል ወደ ልጅነቱ እንመልሰዋለን፤ ምን እንደሚሆን ገና ያልወሰነ ግንደ ሕዋስ ይሆናል። ከዚያ የአንጎል ሴል እንዲሆን ቀስ በቀስ እናሳድገዋለን። የእኔ ድርሻ ማብላት ነው፤ እሑድ የለ፣ በዓል የለ፣ ፈሳሻቸውን እቀይራለሁ። ሞግዚት በለኝ።

በሙያህ ላስረዳህ። ነርቭ ገበር አለው፤ ማይሊን ይሉታል። ገበሩን የሚያለብሱት ሌሎች ሴሎች ናቸው። ማክሰኞ አለቃዬ ጠርታ የእኔና የሚጣ ሴሎች ያደጉባቸውን ሁለት ሳህኖች በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። በእኔ ሳህን ነርቩ ጥቅልል ብሎ ለብሷል። በሚጣ ሳህን ግን ራቁቱን ነው፤ ገበር የሚያለብሱት ሴሎች ገና ሳይጀምሩት ሞተዋል። አለቃዬ ትከሻዬን ይዛ "እህትሽ ያጠፋችው ምንም ነገር የለም፤ አብሯት የተወለደ ነው" አለችኝ። እጅ መታጠቢያው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር።

ይህን እንኳ ባለማወቅ ነው ብዬ ይቅር ባልኩህ። ውጤቱን ልነግራችሁ ሐሙስ ስደውል ግን እትዬ አነሳችው፤ ሰምታ ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። ከካቻምና ጀምሮ፣ ሚጣን ሳታባርራት በፊት እንኳ፣ መቀስ ከእጅህ እንደሚወድቅ፣ መርፌውን ክር የምታጎርስልህ እሷ እንደሆነች፣ ደረጃ የምትወርደው ግድግዳ ይዘህ እንደሆነ ነገረችኝ። ለማንም እንዳትናገር አስምለሃታል። ስለዚህ ታውቅ ነበር። ሚጣን ያባረርካት እሷን ባየህ ቁጥር የራስህን እጅ ስለምታይ ነው። አንተ ፈራህ፤ የጠፋው ስም ግን የእሷ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አንተ ደግሞ የራስህን ደብቀህ የእህትህን አደባባይ አወጣህ።

መድኃኒት ተገኝቷል ብዬ አልዋሽህም። ሴሎቹ ለምን እንደሚሞቱ ገና እየጠየቅን ነው። የአንድ ቤት ሁለት ሕሙማን ቢገኙ ግን ጥያቄው ጥርት ይላል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማግስት ሐኪሙ ዘንድ ሄደህ ክንድህን ስጥ። ብቻህን እንዳትሄድ። ሚጣን ይዘሃት፣ ደንበኞችህ እያዩ፣ በስፌት ቤትህ ደጃፍ እለፉ። መንገዳገዱም ካልቀረ አብራችሁ ተንገዳገዱ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እትዬን ምስጢሬን አወጣሽ ብለህ ክፉ ቃል እንዳትናገራት፤ ኋላ ከእኔ ጋር ነው የምንጣላው። ለሚጣ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ፤ ፖስታውን ሳትከፍት ስጣት።

እህትህ

ከላቦራቶሪው ሁለተኛ ፎቅ
ቅዳሜ፣ መጋቢት 9 ቀን