የመኪናዬን ጥቁር ፊልም ያነሳሁት እኔ ስለመሆኔ

ቀን፦ መጋቢት 17 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለጅሬን በር ተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

አመልካች፦ ጠይባ ቲጃኒ፣ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ መምህርት
አድራሻ፦ ጅማ፣ ጅሬን

ጉዳዩ፦ በምርመራ ቅጽ ላይ የተጻፈው የባለሙያ ስም እንዲታረምና በዚሁ ስህተት የተነሳ የወጣው መጥሪያ እንዲሻር ስለመጠየቅ

1. የካቲት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ40 ላይ የጣቢያዎ መርማሪ አቶ ፍሬዘር የመኪናዬን የኋላ መስታወት በጣታቸው ዳሰሱ፤ ጣታቸውን አሸተቱ፤ «ንጹህ ነው» አሉ። ቅጹን ሲሞሉ «ፊልሙን ያነሳው ባለሙያ ስም» የሚለው መስመር ላይ ደረሱ። «እኔ ነኝ፤ ጠይባ ቲጃኒ» አልኩ። እሳቸው ግን በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን አዛውንት «አባት፣ ስምዎን ማን ልበል?» ሲሉ ጠየቁ። አዛውንቱ ስማቸውን ሲጠየቁ ስማቸውን የሚናገሩ ሰው ናቸውና «ሀብተጊዮርጊስ ወልደሰማያት» አሉ። ያው ተጻፈ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

2. አቶ ሀብተጊዮርጊስ የ76 ዓመት ጎረቤቴ ናቸው። ከፖስታ ቤት ጡረታ ወጥተዋል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ስለተሸፈኑ ብርሃንና ጥላን ከመለየት በቀር አያዩም (የሐኪም ማስረጃ፣ አባሪ 1)። በዚያን ዕለት መኪናዬ ውስጥ የተገኙት ለዓይን ምርመራ ወደ ሆስፒታል ላደርሳቸው ስለነበረ ነው። አቶ ፍሬዘር «እጅዎ ይባረክ» ሲሏቸው ስለምን እንደሆነ ባይገባቸውም «አሜን» ብለዋል፤ ምርቃት አይመለስም። ነገሩን ሳስረዳቸው ግን ደንግጠው «እኔ? እኔ እንኳን መስታወት ልፍቅ፣ ጥፍሬንም የምትቆርጥልኝ ሸዋረገጥ ናት» አሉ። ሸዋረገጥ ባለቤታቸው ናቸው። አቶ ፍሬዘር ስቀው «ትልቅ ባለሙያ እንዲህ ነው፤ አይኮራም» አሉ። እንደገና ስናገር «ማሎ፣ እባክሽ እህቴ፣ ወረፋ አለ» ብለው ማኅተሙን መቱ። እኔም የሐኪሙ ሰዓት እንዳያልፍ ወረቀቱን ተቀብዬ ሄድኩ። በዚህ ጥፋተኛ ነኝ። ያን ጊዜ መሄድ አልነበረብኝም።

3. ስለ ሥራው። መኪናዋ አባቴ ትተውልኝ ያለፉት ቶዮታ ዲኤክስ ናት። መስታወቶቿ ላይ የነበረው ጥቁር ፊልም ከማርጀቱ የተነሳ ሐምራዊ ሆኖ አረፋ አውጥቶ ነበር። የካቲት 17 ቀን ጣቢያዎ «ፊልሙ ይነሳ፤ ሙጫውም ጨርሶ ይጽዳ» ብሎ መለሰኝ፤ ትክክል ነበር። ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ እሑድ ማታ በግቢዬ ውስጥ ሠራሁት። የጎን መስታወቶቹን ከማንቆርቆሪያ በሚወጣ እንፋሎት እያሞቅሁ፣ ፊልሙን ከላይኛው ጥግ በምላጭ አስነስቼ ቀስ እያልኩ ላጥኩት። የኋላውን ምላጭ አላስነካሁትም፤ ጤዛ የሚያደርቁት ቀጫጭን መስመሮች መስታወቱ ላይ ያሉ ስለሆነ ምላጭ ይቆርጣቸዋል። በሳሙና ውኃ አርጥቤ፣ ላስቲክ አልብሼ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ፊልሙ ለቀቀ፤ ሙጫው ቀረ። ሙጫ ከፊልም ይልቅ ግትር ነው። ነጭ ጋዝ በጨርቅ እያስነካሁ፣ እስኪላላ እየጠበቅሁ፣ በጣቴ እያንከባለልኩ አነሳሁትና በሳሙና አጠብኩት። የግራ አውራ ጣቴ በምላጭ ተቆርጧል፤ ጠባሳው ይታያል። ከሹፌሩ ኋላ ባለው መስታወት ታችኛው ጥግ ላይም የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጭረት አለች። እሷም የእኔ ናት። ሥራው የእኔ ነው የምለው ከነጭረቱ ነው።

4. ጣቢያዎ ምርመራውን ባለፉ መኪናዎች ላይ የሠሩትን ባለሙያዎች ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፋል። በዚህ ምክንያት ከመጋቢት 2 ቀን ጀምሮ ከአሰንዳቦ አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ ከሰኮሩ ደግሞ ሁለት ባለመኪናዎች የአቶ ሀብተጊዮርጊስን ቤት አጠያይቀው መጥተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ለአሰንዳቦው ሹፌር «ባለሙያው ተኝተዋል» ቢሉት «እማማ፣ ከሩቅ ነው የመጣሁት፤ አይደብቁብኝ» አለ። እኔ ወጥቼ «የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ላሳይህ» ስለው «ልጃቸው ነሽ?» አለኝና ባለሙያው እስኪነቁ ጠበቀ። ሲነቁ ሰው ከሩቅ መጥቶ ባዶውን መመለሱ ከብዷቸው ወጡ። በመዳፋቸው መስታወቱን ሲፈልጉ ያገኙት ጣሪያውን ነበር። ሹፌሩ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ሥራው የእሳቸው አለመሆኑን፣ ጣቢያዎ ቀድሞ ሊያውቀው ይችል የነበረውን፣ እስካሁን የተረዳ እሱ ብቻ ነው።

5. መጋቢት 10 ቀን የንግድ ፈቃድ ክፍል የእናንተን ዝርዝር ጠቅሶ «ያለ ፈቃድ የጋራዥ ሥራ በመሥራት» ሲል አቶ ሀብተጊዮርጊስ መጋቢት 24 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲቀርቡ መጥሪያ ላከባቸው (አባሪ 2)። የዓይን ቀዶ ሕክምናቸው የተቀጠረው በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርጉት ሐኪሞች ወደ ጅማ የሚመጡት በዓመት አንድ ጊዜ ነው። አምና ተራ ሳይደርሳቸው ቀርቷል። እሳቸው ለሌላ ዓመት በሕይወት ይቆዩ አይቆዩ፣ እኔም አላውቅም፤ ጣቢያዎም አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ደብዳቤና መጥሪያ ያደረሱ ሰው ናቸው፤ ለራሳቸው መጥሪያ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና «ጠይባዬ፣ መንግሥት ጠርቶኝ አልቀርም። ዓይኑ ይቅር» አሉ።

6. በማግስቱ ወደ ጣቢያዎ መጣሁ። አቶ ፍሬዘር «ስሙ የሚሰረዘው ባለሙያው ራሳቸው ሲቀርቡ ነው» አሉኝ። መጋቢት 14 ቀን እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው። የተመዘገበው ቃል «ባለሙያው ቀርበው ሥራውን እንዳልሠሩ አስረድተዋል» ይላል። የፈረሙትም እኔ ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አድርጌላቸው ነው። ስሙ ግን አልተሰረዘም፤ አቶ ፍሬዘር እንዳሉት «መስመሩ ባዶ ሊሆን አይችልም»። ባዶ እንዳይሆን የእኔን ስም ይጻፉበት ብል፣ በትዕግሥት «ስምሽ ከሆነ የሚያስጨንቅሽ ረዳት ብለን እናስገባሽ። ረዳት መሆን ትንሽ ነገር አይደለም» ሲሉ መለሱልኝ። የማን ረዳት እንደምሆን ጠየቅሁ። ወደ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጠቆሙ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ መጠቆማቸውን አላዩም።

7. ስለዚህ ጣቢያዎን በአክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ) በቅጹና በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለው የአቶ ሀብተጊዮርጊስ ስም ተሰርዞ የእኔ ስም እንዲጻፍ፤

ለ) ይህም ከመጋቢት 24 በፊት ለንግድ ፈቃድ ክፍል በደብዳቤ እንዲገለጽና መጥሪያው እንዲሻር ነው። የራስን መኪና በራስ ግቢ ማጽዳት ጥፋት ነው ከተባለም መጥሪያው በእኔ ስም ይውጣ። በተባለው ሰዓት እቀርባለሁ።

8. ሥራውን መሥራቴ ካጠራጠረ ለማየት ቀላል ነው። በጣቢያዎ ግቢ፣ ከቢሮዎ መስኮት ሥር የሚቆመው የጣቢያው ፒካፕ አራቱም የጎን መስታወቶቹ ጥቁር ፊልም አለባቸው። በፈቀዱት ቀን ምላጬን፣ ማንቆርቆሪያዬንና ነጭ ጋዜን ይዤ መጥቼ በፈለጉት ኮሚቴ ፊት አንዱን አነሳለሁ። ለማነጻጸር ሌላኛውን አቶ ሀብተጊዮርጊስ እንዲሞክሩት ማድረግ ይቻላል፤ ለዚያኛው መስታወት ግን ኃላፊነት አልወስድም።

9. የጣቢያዎ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ መሆኑን ስለማውቅ የዚህኑ አቤቱታ የአፋን ኦሮሞ ቅጂ አያይዣለሁ (አባሪ 3)። የቋንቋ ምክንያት ተሰጥቶኝ እንዳልመለስ ነው።

10. መኪናዬ ምርመራውን አልፋለች፤ ወረቀቴ በእጄ ነው። ዝም ብል በእኔ ላይ የሚደርስ ነገር የለም። የሚደርሰው በአንድ ሽማግሌ ላይ ነው፤ የሚደርስባቸውም የሴት ስም መጻፍ የከበደው አንድ እስክሪብቶ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ የማልቀበለውን በግልጽ አስቀምጣለሁ። «ወረፋ አለ» መባልን አልቀበልም። ረዳት ተብዬ መመዝገብን አልቀበልም። ከሁሉም በላይ፣ በእጄ ለሠራሁት ሥራ ሌላ ሰው መመስገኑን ታግሼ ነበር፤ ሌላ ሰው በዓይኑ ዋጋ መክፈሉን ግን አልቀበልም።

ውሳኔዎን ከመጋቢት 24 በፊት እንደምሰማ በመጠበቅ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ጠይባ ቲጃኒ
ፊልሙን ያነሳችው

ግልባጭ፦
ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ ወልደሰማያት (ዛሬ ማታ አነብላቸዋለሁ)