«ፕሮሰስ» ስለተባለው ቃልና ስለ እትዬ ብርቄ የማር ጫካ

ቦንጋ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ደምመላሽ፣ የይዞታ አቤቱታ ኃላፊ፤

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ከአፍዎ የማይለየውን «ፕሮሰስ» የተባለ ቃል አመጣጥና አገባብ ለማስታወስ፣ በአንዲት መበለት ላይ ያደረሰውንም ለማሳወቅ ነው። አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ወንበርዎም እንደ መዝገቦችዎ የማይነቃነቅ ይሁን እያልሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

፩ኛ፤ ስለ አመጣጡ። የዛሬ ሦስት ዓመት እትዬ ብርቄ ይህን ቃል ከእርስዎ ሰምተው ትርጉሙን ጠየቁኝ። በቅኔ ቤት ሳድግ የማያውቁትን ቃል መፍታት ነውር ነው ተብዬ ስለተማርሁ፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ አቶ ኢሳያስ መዝገበ ቃላታቸውን ይዘው እንዲመጡ ለመንኋቸው። እንግሊዞች ቃሉን በፈረንሳይ በኩል ከላቲን እንደወሰዱት፣ ሥሩም ወደ ፊት መራመድ እንደሆነ፣ ታቦት አጅቦ መሄድን የሚጠሩበትም ቃል እኅቱ እንደሆነ አነበቡልኝ። ታቦትስ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ወደ መንበሩ ይገባል። የእትዬ ብርቄ ማመልከቻ ግን ከመስከረም ፲፱፻፺፱ ጀምሮ ከመሳቢያዎ ፈቀቅ አላለም። ሮማውያን ያላሰቡትን ትርጉም ስለጨመሩላቸው፣ በእነርሱ ስም አመሰግናለሁ።

፪ኛ፤ ስለ አገባቡ። መዝገብ ሲጠፋ ፕሮሰስ ላይ ነው፤ ጸሐፊዋ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ ፕሮሰስ ላይ ነው፤ እርስዎ ለሥልጠና አዋሳ ሲከርሙ፣ ባለጉዳዩ በደጅዎ ዝናብ ሲመታው፣ ሁሉም ፕሮሰስ ላይ ነው። «አልሠራሁትም» የሚል ቀና የአማርኛ ቃል ሳለ፣ ውሸትን ለመሸፈን ከባሕር ማዶ ልብስ ማስመጣትዎ የሚያስደንቅ ትጋት ነው።

፫ኛ፤ ስለ ጉዳቱ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያንስ ይቅር ይበሉኝ። እትዬ ብርቄ ከዋጫ መንገድ በላይ፣ አገሬው ኮቦ የሚለው፣ ሟች ባለቤታቸው አቶ ባፈና ከአባታቸው የወረሱት የጫካ ድርሻ አላቸው። አቶ ባፈና በረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ የሰቀሏቸው ቀፎዎች ልጆቻቸውን አሳድገዋል። አንድ ባለሀብት ጫካው በካርታዬ ውስጥ ነው ቢሉ፣ እትዬ ብርቄ ወደ እርስዎ አመለከቱ፤ እርስዎም ያንን ቃል ሰጥተው አሰናበቷቸው። እኔም በዕውቀቴ ተመክቼ፣ ነገርዎ እየተራመደ ነውና ይታገሡ አልኋቸው።

በዚህ አገር በዳኛ ፊት የቀረበ ነገር እስኪፈረድ ድረስ እንደማይነካ፣ የነካም ፍርድ እንደናቀ እንደሚቆጠር፣ እዚሁ የተወለዱ ሰው ነዎትና ያውቃሉ። እትዬ ብርቄም ሦስት የማር ወቅት ሙሉ አንድ ቀፎ ሳያስወርዱ፣ የጫካውን ዳር እንኳ ሳይረግጡ፣ ለባለቤታቸው ተዝካር የሚሆን ማር ከጎረቤት እየለመኑ ፍርድዎን አከበሩ። ባለሀብቱ ግን ወጉ አልያዛቸውም፤ ዐሥራ አንድ ዛፍ ከነቀፎው በመጋዝ ጣሉ። ባለፈው ወር ደግሞ መሳቢያዎ ተከፍቶ፣ አመልካቿ ይዞታቸውን ሦስት ዓመት ሳይጠቀሙበት ስለተዉ መብታቸው ተቋርጧል የሚል ውሳኔ ወጣ።

ጌታዬ፣ ትተውት አይደለም። አክብረውዎት ነው። ሴትዮዋን ያስቀመጡ እርስዎ፣ ስለ ተቀመጡ የቀጡ እርስዎ፣ ይህንን ሠርተው በማኅተም ያጸኑ እርስዎ። በተማርሁበት ቤት የዚህ ስሙ ግፍ ነው፤ ትርጉሙን ለማወቅም መዝገበ ቃላት መግለጥ አያሻም።

ስለዚህ ውሳኔውን ይሻሩ፤ መጋዙንም ዛሬውኑ ያስቁሙ። እኔ ቃልዎን አምኜ አንዲት ሴት ከርስታቸው ደጅ እንዲቆሙ መክሬአለሁና የበደሉ ተካፋይ ነኝ፤ ድርሻዬን በአደባባይ ተናዝዣለሁ፤ የእርስዎን እጠብቃለሁ።

ስለ ትዕግሥት ያስተማሩኝን የማልረሳ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ ፍርድ እንዲያገኝዎ ለረዥም ዘመን የምለምንልዎ፣ ትሑት አገልጋይዎ

መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ከፈለኝ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ውሳኔዎን ለእትዬ ብርቄ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። አላለቀሱም፤ እርስዎንም አልረገሙም። ወረቀቱን አጥፈው በመቀነታቸው ከቋጠሩ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ መልሱ የእርስዎ ነውና ቃላቸውን ሳልለውጥ ወደ እርስዎ አሳልፌዋለሁ፦ «መሪጌታ፣ የቀሩትን የባፈናን ቀፎዎች ላስወርድ ብል፣ ከእንግዲህ ሌባ ነው የሚሉኝ?»