የሳቅኩበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ጉንጬ እስካሁን ያመኛል። እንዲህ የሳቅኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ሜሮን የምትባል ልጅ ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ ሱቄ ስትመጣ ነው። አዲስ የሌሊት ቶክ ሾው ሊጀመር ነው፣ የሚቀረጸው እዚሁ ቃሊቲ ድሮ የዘይት መጋዘን በነበረው ግቢ ነው፣ እኔ ተመልካች ሰብስቢ ተብያለሁ አለችኝ። የመግቢያ ካርዱን እያባዛሁላት አንድ ነገር ተናግራ አሳቀችኝ። አየችኝና "አንቺማ የግድ መምጣት አለብሽ፤ ይሄን ሳቅ ከየት አገኛለሁ?" አለች።

ግርማ እሺ ይላል ብዬ አልገመትኩም። ባሌ አምና ፅንሱ ከወረደብኝ ወዲህ እንደ እንቁላል ነው የሚይዘኝ። አሁን አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ሐኪሙም አትድከሚ፣ አትደንግጪ ብሎኛል። ዛሬ ጠዋት ግን ራሱ ገፋፋኝ። "ሂጂ፣ ዘና በይ። እኔም ኮንትራት ጉዞ አለብኝ፣ አምሽቼ ነው የምመጣው።" የፋብሪካ ሰርቪስ ነው የሚነዳው፤ ቅዳሜ ኮንትራት አያጣም። እስከ መጋዘኑ በር ድረስ አድርሶኝ ሄደ።

ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። ጥቁር መጋረጃ፣ ሶፋ፣ ከኋላ መብራት የበራባት ከተማ ሥዕል። ውጪ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ አዘጋጁ "እንደምን አመሻችሁ" ይላል። ዘይቱ አሁንም ይሸታል። አዘጋጁ ዮናታን ቀጭን፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ልጅ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚለው ጠፍቶት ሁለት ጊዜ አቋርጦ ጀመረ፤ አሳዘነኝ። እንግዳው ጡረታ የወጡ የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ። አንድ ጊዜ ክፍለ ሀገር ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥተው ደጋፊው ሲያባርራቸው ሴቶች ጸጉር ቤት ገቡ አሉ። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ፎጣ አልብሳ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ከተተቻቸው። አባራሪዎቹ ገብተው "ዳኛ አይታችኋል?" ሲሉ ከጎን ያለችው ሴትዮ "ዝም በሉ፣ እናቴ ጸጉራቸው አልደረቀም" አለች። በሳቅ ሞትኩ። ካሜራው መጥቶ ፊቴ ላይ ቆመ፤ በቆመብኝ ቁጥር ባሰብኝ።

የሚቀጥለውን ሳምንት ዝግጅትም ዛሬውኑ ነው የቀረጹት። ሌላ ቀን እንዲመስል ሜሮን የራሷን ቀይ ሻርፕ አልብሳ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። እንደገና ሳቅ።

ለታዴ ልነግረው ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ወንድሜ ታደሰ አፋር በረሃ መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ነው የሚያሽከረክረው፤ ኔትወርክ ያለበት ካልወጣ አይገኝም። የዳኛው ታሪክ ለሱ ነው የሚሆን።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ግርማ ትናንት በጣም አምሽቶ መጣ። ጥቁር ጃኬቱን ለብሶ ነበር። የኮንትራት ጉዞ ላይ ጥቁር ጃኬት? የሚያጓጉዛቸው ሰዎች ለቅሶ ነበራቸው አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ስለ ቀረጻው ልነግረው ስጀምር "ነገ ትነግሪኛለሽ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዛሬም አልጠየቀኝም።

ሞጆ እናቴ ጋ ደወልኩ። እህቴ አልማዝ አነሳችው። እማዬ ጠበል ሄዳለች አለች። የትኛው ጠበል? ስልኩ ተቋረጠ። ድምፅዋ የጉንፋን ነበር።

የግቢያችን ባለቤት እትዬ ብርቄ ገንፎ ሠርተው አመጡልኝ። አልታመምኩም፣ አልወለድኩም፣ ገንፎ ለምን? "ብዪ ብቻ፣ ልጄ" ብለው ፊቴን ሳያዩ ወጡ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ነበር ሾው የሚጀምረው። ከቅዳሜ ጀምሮ የጠበቅኩት።

ከሱቅ ስመለስ ቴሌቪዥናችን አይሠራም። ግርማ ዲሹ ተበላሽቷል አለ፤ ሰው ጥራ ስለው ነገ አለኝ። ጣሪያው ላይ ሆኖ በራሱ እጅ ሽቦውን ሲፈታ ያየችው የጎረቤት ልጅ ናት የነገረችኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ወደ ደጅ ወጣ።

እትዬ ብርቄ ጋ ሄድኩ። "ልተኛ ነው፣ ልጄ" አሉኝ፤ ከበስተኋላቸው ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑም ጠፍቷል። እኔን ሲያዩ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ሌላ ቤት አላንኳኳሁም። አልጋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እርጉዝ ሴት አደባባይ ወጥታ ገለፈጠች ብለው አፍረውብኝ ነው? ይሄን ያህል ምን አደረግኩ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ታዋቂ ሆንኩ። የሳሪስ ታክሲ ረዳት "ሳቂዋ! አንቺ አይደለሽም እንዴ ትናንት?" አለኝ። ሱቅ ያለ ወትሮው ሰው በሰው ሆነ። ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ለጠያቂዎች ብርቱካን የምትሸጠዋ ልጅ ድረስ አውቃኛለች። ሜሮን ደውላ ጣቢያው በጣም እንደወደደው፣ የኔ ሳቅ የፕሮግራሙ መክፈቻ ላይ እንደገባና በየሳምንቱ እንደሚታይ ነገረችኝ። ልቤ ሞቅ አለ። ትናንት ያለቀስኩትን ረሳሁት።

ከዚያ ወደ አስር ሰዓት ገደማ አንዲት የሞጆ ሴት ገባች። ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ የእናቴ ጎረቤት። ደስ ብሎኝ ልስማት ተነሳሁ። ወደ ኋላ ሸሸች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "አንቺ፣ ሰው ነሽ?" አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች።

ሱቁን ዘጋሁ። ለግርማ ነገርኩት። ስልኩን ይዞ ወጣ፣ አጥሩ ሥር ሆኖ ለረጅም ጊዜ አወራ። የሰማሁት "ከዚህ በላይ አልችልም" ሲል ብቻ ነው። ሌላ ሴት ይሆን? ሌላ ምን ይሆናል?

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ትናንት ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ግርማ ልብሱን እንደለበሰ ነበር፣ አልተኛም። የእናቴ ወንድም ጋሽ ዘውዴ ገቡ። ከኋላቸው አልማዝ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ከኋላዋ እትዬ ብርቄ፣ ከኋላቸው ግቢው በሙሉ። ግርማ ሁለት እጄን ያዘ። እማዬ ናት አልኩ በሆዴ።

"ታደሰ አርፏል" አሉ ጋሽ ዘውዴ።

ታደሰ የሚባል ሌላ ሰው ፈለግኩ። በጭንቅላቴ ውስጥ ፈለግኩ፣ የሰፈራችንን ታደሰ፣ የፋብሪካውን ታደሰ። አልማዝ ስትወድቅ ነው የገባኝ። ግሬደሩ ገደል ይዞት ገብቷል።

"መቼ?" አልኩ።

"ያለፈው ሐሙስ።"

"የት ነው ያለው?"

አልማዝ መሬት ላይ እንዳለች "ተቀብሯል፣ ቅዳሜ" አለች።

"የትኛው ቅዳሜ?"

ሁሉም ግርማን አዩ። ግርማ እጄን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ጮህኩ ይላሉ። እኔ ጸጥታ ብቻ ነው የማስታውሰው። ወንድሜ ላይ አፈር ሲመለስ እኔ መጋዘን ውስጥ አፌን ከፍቼ እስቅ ነበር። ያደረሰኝ ባሌ ነው። አድርሶኝ፣ ከዚያ ጥቁር ጃኬቱን ለብሶ ቀብር ሄደ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ማክሰኞ ያየችኝ፣ ሞጆ በሙሉ ማክሰኞ ያየኝ፣ ያንን ነው። አንዳንዱ መርዶው እንዳልተነገረኝ ያውቅ ነበር፤ አብዛኛው አያውቅም።

ዛሬ ከሰዓት፣ ለቀስተኛው መሐል ተቀምጬ፣ ቀዩ ሻርፕ ትዝ አለኝ። ሌላም አለ! የሚቀጥለው ማክሰኞ እንደገና ልስቅ ነው። ከዚያም መክፈቻው ላይ፣ በየሳምንቱ። ግርማን ከትናንት ጀምሮ አላናገርኩትም ነበር። አንድ ቃል ብቻ ተነፈስኩ፦ "ሂድና አስቁምልኝ።"

አመሻሽ ላይ ከሜሮንና ከአዘጋጁ ጋር መጣ። ዮናታን በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻሻል። ቀረጻው ላይ ካየሁት ያነሰ ልጅ ነው። "ብናውቅ ኖሮ…" አለ። ከሁለተኛው ዝግጅት ሙሉ በሙሉ እንደሚያወጡኝ ማለ። መክፈቻው ግን ጣቢያው እጅ ነው፣ ለማክሰኞ ላይደርስ ይችላል። "ሌላ የሚስቅ ሰው ፈልገን…" ብላ ሜሮን ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች። እያለቀሰች ሻይ ስታቀርብ አመሸች። ማንም ሳያዛት።

ወገቤን ያመኛል። ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሞጆ ነኝ። እማዬ ቤት።

ግርማ እኔን፣ አልማዝንና እትዬ ብርቄን በሰርቪሱ አመጣን። እሱ ፊት፣ እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ። መንገዱን ቀስ ብሎ ነዳ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ በመስታወቱ ያየኛል። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ድንኳኑ በር ላይ ስደርስ አንዷ ሴት ለሌላዋ "ቴሌቪዥኗ መጣች" አለች። ሰማሁ። እንድሰማም ነው። እትዬ ብርቄ ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

እማዬ ፍራሽ ላይ ናት። ስታየኝ ክንዷን ዘረጋች። ምን ያህል እንደተላቀስን አላውቅም። ከዚያ ሴቶቹን "እስቲ ለልጄ አየር ስጧት" ብላ አስወጣቻቸው። ድምፅዋ ጠፍቷል፣ ጆሮዬን አፏ ላይ ማድረግ ነበረብኝ።

"ባልሽን አታናግሪውም አሉ።"

ነጠላዬን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

"ሐሙስ ዕለት ወዲያው ልንገራት ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ በማርያም ያስማልኩት። አንድ ልጄን እየቀበርኩ ነው፣ ሆዷ ውስጥ ያለውንም ልታስቀብረኝ ነው ወይ አልኩት። ቅዳሜ ከቤት አርቃት፣ እንባ ከሚታይበት አርቃት አልኩት። ፅንሱ እስኪጠና ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ምን ያድርግ?"

ምን ልበላት? ከመርዶው ጀምሮ በባሌ ላይ የሰበሰብኩት ቁጣ መሄጃ አጣ። እናቴ ላይ ላዞረው አልችልም። አየኋት፣ በሳምንት ውስጥ ግማሽ ሆናለች። ግን ወንድሜን ሳልሸኘው ቀረሁ። ያንን ማን ይመልስልኛል? ይህንኑ አልኳት። "ማንም" አለች። "ታዲያ ምን ላድርግ?" አልኳት።

"ምን አሳቀሽ?" ብላ ጠየቀች።

"እ?"

"ያን ቀን። እንዲያ ያሳቀሽ ምንድነው?"

አልናገርም አልኩ። አጥብቃ ያዘችኝ። በሹክሹክታ ነገርኳት፣ ዳኛውን፣ ጸጉር ቤቱን፣ "እናቴ ጸጉራቸው አልደረቀም" የሚለውን። እዚያው የለቅሶ ፍራሽ ላይ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ስቃ ይሁን አልቅሳ አላውቅም፣ አልጠየቅኳትም። እጄን ግን አልለቀቀችም።

ማታ ሴቶቹ ሲመለሱ በዚያች በሌለች ድምፅዋ "ልጄን የላክኋት እኔ ነኝ። ነገር ያለው እኔን ይናገረኝ" አለች። ያቺ "ቴሌቪዥኗ" ያለችው ሴት ተነስታ ውኃ አመጣችልኝ። ጠጣሁላት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

አሁንም ሞጆ። እዚህ ቤት ቴሌቪዥኑ በአንሶላ ተሸፍኗል። የአልማዝ ባል ራሱ ቤት ሆኖ ዝግጅቱን አየና ደወለ። ከውስጥ የለሁም፣ ቃላቸውን ጠብቀዋል። መክፈቻው ላይ ግን አለሁ። ትንሽ ናት አለ፣ ዓይን እስኪጨፈን ያህል። አልማዝ ልታጽናናኝ "ማንም ልብ አይለው" አለች። እኔ ግን እዚያ አለሁ፣ ጥርሴን አውጥቼ። ሜሮን ለሚቀጥለው ሳምንት ይቀየራል ብላለች። ላምናት እፈልጋለሁ። ታክሲው ውስጥ፣ ሱቁ ውስጥ "ሳቂዋ" የሚለኝን ሰው ሁሉ እንዴት እንደምመልሰው አላውቅም።

ግርማ ጠዋት ቃሊቲ ይሄዳል፣ ሠራተኛ ያመላልሳል፣ ማታ ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ያድራል። ዛሬ ከእራት በፊት ወጥቼ ፈለግኩት። ወንበር እየደረደረ ነበር። ሲያየኝ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እንደሚመታ ልጅ።

"አንተ መቼ አለቀስክ?" አልኩት።

ወንበሩን አስቀመጠ። እኔንና እሱን ያስተዋወቀን ታዴ ነው፤ እኔ ግርማን ሳላውቀው በፊት ጓደኛሞች ነበሩ። እሱንም ማንም አላጽናናውም፣ መርዶውን ያልሰማሁ እኔ ቤት ውስጥ ስለነበርኩ።

"ቂሊንጦ ፋብሪካው ጋ ሠራተኞቹን ካራገፍኩ በኋላ" አለ። "ባዶው መኪና ውስጥ።"

"አንድ ቀን?"

"በየቀኑ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወዳንቺ እመጣለሁ።"

ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። ገና አልቻልኩም፣ መቼ እንደምችልም አላውቅም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ የወገቤን ሕመም ነገርኩት፣ ለማንም ያልተናገርኩትን። ፊቱ ተለወጠ፣ ግን አልጮኸም። ነገ ጠዋት ለእርግዝና ክትትል ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብኝ። አልማዝ እኔ ልውሰዳት ብላ ነበር።

"አንተ ውሰደኝ" አልኩት።