ጃኬቱን ያስወለቀው ማስታወቂያ

ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ

ውድ ሱምያ፣

አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ደህና ነሽ? አልሐምዱሊላህ፤ አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። ሦስት ጊዜ ደወልሁ፣ ሦስቴም «ስብሰባ ላይ ነኝ አክስቴ» አልሽኝ። ስለዚህ ጻፍሁልሽ። ከስድስተኛ ክፍል አላለፍሁምና ፊደል ብስት እለፊኝ፤ ነገሩን ግን እንዳታልፊው።

ያ ስንት ገንዘብ የፈሰሰበት የላይፍ ጃኬት ማስታወቂያችሁ ማክሰኞ በቴሌቪዥን ታየ። የሰፈሩ ዓሣ አስጋሪ ከነሚስቱ በአብዱልከሪም ሱቅ በር ላይ ተሰበሰበ። እኔም «ያሳደግኋት ልጅ ናት የሠራችው» ብዬ ፊት ተቀመጥሁ። ጣናችን በድሮን ከላይ ሲታይማ አፋችንን ከፍተን ቀረን። ከዚያ ያ ጥርሱ የሚያበራ የአዲስ አበባ ልጅ ብርቱካንማ ጃኬቱን ለብሶ ቀዘፈ። ቀጥሎ ሚስቱ ነጭ ነጠላ አጣፍታ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ዳር ቆማ ውኃውን ታያለች። ዋሽንት ተነፋ።

ሴቱ ሁሉ ጸጥ አለ። አንዷ «ያ ረቢ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። አብዱልከሪም ዞሮ፣ «ሀጂራ፣ ሰውዬው ሰጠመ እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ የለም፣ ይመለሳል፣ ቆዩ እንጂ!»

ተመልሶ ሲያቅፋት ማን አየው? ሰው ተነስቶ ሄዷል።

እኛ ሰፈር ሴት ዳር ቆማ ውኃ የምታየው ጀልባ ሲቀር ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ይህን ከየት ያውቃል? አልፈርድበትም። አንቺስ? አባትሽ የቀረ ጊዜ፣ እህቴ፣ እናትሽ፣ ዳር ላይ ሁለት ቀን ስትቆም፣ ቀሚሷን ይዘሽ የቆምሽው አንቺ አይደለሽም? እንዴት ዝም አልሽ? የዓሣ አስጋሪ ልጅ መሆንሽን እንዳያውቁብሽ ነው?

በማግስቱ ጃኬቱ «የሟች ልብስ» ተባለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ባሌ ቡርሀን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለብሶት ነበር። እንዴት እንዳለበስሁት ለማስታወቂያው ስትጠይቂኝ ነግሬሻለሁ፣ ደብተርሽ ላይም ጽፈሻል። ጀግና ነህ አላልሁትም። «ፈራህ እንዴ?» ሲሉት የሚመልሰውን ሰጠሁት እንጂ። «እኔማ ምን ገዶኝ! ሀጂራ ፈሪ ናት፤ ቤት እንዳትበጠብጠኝ ነው» ይላቸዋል። በእኔ ይስቃሉ፣ እሱ ይለብሳል። ይሳቁ! ስድስት ወንዶች እንዲሁ በሚስቶቻቸው እያሳበቡ ለበሱ። ይህን ስነግርሽ ምን አልሽኝ? «አክስቴ፣ ይሄ ለትልቅ ማስታወቂያ ትንሽ ነው፤ ጀግና ያስፈልገናል።» ይኸው ጀግናችሁ ሁሉንም አስወለቃቸው።

ሐሙስ ጠዋት ቡርሀን ጃኬቱን ቤት ትቶ ወጣ። የሰሞኑን ነፋስ ደግሞ አትጠይቂኝ። ጃኬቱን ራሴ ለብሼ ተከተልሁትና ጀልባው ላይ ጉብ አልሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ዋና የማልችለው ሴትዮ!

«ውረጂ አንቺ ሴት! ሰው ፊት አታዋርጂኝ!»

«ወይ ልበሰው፣ ወይ ይዘኸኝ ሂድ።»

«ቡርሀን፣ ዛሬ አምባዛው ቀድሞ ጀልባ ላይ ወጣልህ!» አለ አንዱ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሱ እልኸኛ ነውና ቀዘፈ። መሐል ስንደርስ አስታወከኝ፣ መረቡ ላይ። ትናንትም ሄድሁ፣ ዛሬም ሄድሁ። አሁንም አልለበሰም፣ እኔም አልወረድሁም።

ሱምያ፣ ለአለቆችሽ «እያወቅሁ ዝም ብያለሁ» በያቸውና ያን ነገር ከቴሌቪዥን አስወርጂው። አዲስ ከሠራችሁ ደግሞ መጀመሪያ እዚህ መጥተሽ ሐሳቡን ለእነዚህ ሰዎች ንገሪያቸው፤ ሲስቁ አብረሽ ሳቂ፣ ዝም ሲሉ ደግሞ ለምን ብለሽ ጠይቂ። እስከዚያ እኔ በየጠዋቱ ጀልባ ላይ ነኝ። ጃኬቱ አንድ ነው፣ እኛ ሁለት ነን። ነፋሱ ቢገለብጠን እኔ እንሳፈፋለሁ፤ ቡርሀንን ግን በየትኛው ጉልበቴ እንደምይዘው አላውቅም።

የምትወድሽና የተቆጣችሽ አክስትሽ
ሀጂራ