ቫይረሱ የበራ ዕለት

ሃሴትዬ፣ እናንተ ደሴ ላይ ጋቢ ደርባችኋል፣ እኔ ሐዋሳ በቲሸርት እዞራለሁ!

በምሠለጥንበት ላብራቶሪ ገበያነሽ የምትባል ተመራማሪ አለች። የሄፓታይተስ ቫይረስ ላይ የሚያበራ ጂን ጨምራ፣ ቫይረሱ የገባበት የጉበት ሴል አረንጓዴ ሲያበራ ለማየት ወራት ለፍታለች። ዛሬ በማይክሮስኮፑ አየችና "በራ!" ብላ ጮኸች። እኔም አየሁት፤ ልክ እንደ ትራፊክ መብራት! ወዲያው ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ለእናቷ ደወለች፤ ወንድሟ በዚሁ ቫይረስ ታሞ እናቷ ናቸው የሚያስታምሙት።

"እማዬ፣ አየሁት!"

"ገደልሽው?"

"ገና ነው። ግን ከእንግዲህ አይደበቀኝም።"

እናትየው "በይ እንግዲያው ነገ በጠዋት ሥራ ግቢ!" አሏት። ገበያነሽ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትሽን እትዬ ወርቄን ሳሚልኝ። ጠርዙ ላይ ተጠጋግቶ የተጻፈው ደግሞ ናፍቆቴ ነው።

ጠሀ