ሪባኑን የማትቆርጠው ልጅ

ለምወድሽ እህቴ፣

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃውን መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም ከታች ሆነሽ እየተጣራሽ ነው? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? እማማስ መነጽሯን ማድረግ ጀመረች ወይስ ዛሬም ትራስ ሥር ደብቃ «ጥርት አድርጌ አያለሁ» ትላለች? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ተመስገን ነው። ባለቤቴም ልጄም ደህና ናቸው፣ ፀጉር ቤቱም ይሠራል። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ፣ እኔም ብሆን ሕመም ሳይሆን ንዴት ነው የያዘኝ። ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፣ ስድብ ብቻ እየሆነብኝ።

ባለፈው በስልክ «ያ የላክነው ገንዘብ ከምን ደረሰ?» ስትዪኝ አድበስብሼ ያለፍኩሽ ወንበሬ ላይ ደንበኛ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ምላጭ ይዤ እንዲህ ያለ ወሬ አላወራም፣ የሰው ጉሮሮ ነው። አንቺ ግን ከጎረቤቱም ከሥራ ጓደኞችሽም ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ለምነሽ ነው ያሰባሰብሽው። እውነቱን ማወቅ ይገባሻል።

የልጄን ሕመም አጀማመር ታስታውሻለሽ። ፊቷ ሞላ ሲል ሁላችንም ደስ ብሎን፣ አንቺም ፎቶዋን አይተሽ «ድንቡሼ» ብለሽ ስም አወጣሽላት። ለካስ ውሃ ኖሯል። ኩላሊቷ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን በሽንቷ እየለቀቀ፣ ውሃው ዓይኗ ሥርና ሆዷ ላይ ይጠራቀም ነበር። በመድኃኒት ይሻላታል፣ ከዚያ ያገረሽባታል። መድኃኒቱ ራሱ ፊት ያሳብጣል፣ ቁመት ያስቀራል። በሽታው አንዱን ልጅ ትቶ ሌላው ላይ ለምን እንደሚመላለስ ደግሞ ሐኪሞቹም በወጉ አያውቁትም።

ሆስፒታሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህንኑ የምታጠና አንዲት ሐኪም አለች። ክርኑ የሳሳ ሹራብ የማይለያት፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ ሴት ናት። ሥራዋ የሚጀምረው ከእኛ መኝታ ቤት ነው ብልሽ አትሳቂ። ልጁ ባገረሸበት ጠዋት፣ ገና መድኃኒት ሳይነካ፣ የመጀመሪያውን ሽንት በብልቃጥ ይዘን እንሮጣለን። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ዘይት መስሏት «ከየት ገዛኸው?» ብላኛለች። ሐኪሟ ተቀብላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ታኖረዋለች። የብዙ ልጆች፣ የብዙ ዓመት ብልቃጥ አንድ ላይ ሲመረመር፣ በሽታው ማን ላይ እንደሚመለስና የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን አስቀድሞ ለማወቅ ይረዳ ይሆናል ብላናለች። «ይሆናል» ነው ያለችው፣ እሷ አትዋሽም። እኛም በዚያች «ይሆናል» ነው የምንኖረው።

ለዚህ ሥራ ነው የሆስፒታሉ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ገንዘብ የሚያሰባስበው፤ እናንተ የላካችሁትም የገባው ለእሱ ነው። ሰብሳቢዋን እኔ «ወይዘሮ ሪባን» ነው የምላት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ እሷ ያልቆረጠችው ሪባን የለምና። በእሷ ደንብ ገንዘብ የሚሰጠው የሰጪው ስም ለሚለጠፍበት ነገር ነው፤ ለአልጋ፣ ለመጋረጃ፣ ለግድግዳ ሰዓት። ሐኪሟ ለረዳቷ ደመወዝ ስትጠይቅ ግን ረዳት ላይ ስም አይለጠፍም። የመታጠቢያው መስታወት ላይ እንኳ «የእገሌ ስጦታ» ተብሎ ተጽፏል፤ ፊቴን በታጠብኩ ቁጥር ማንን እንደማመሰግን አውቃለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ትልቅ የገንዘብ ማሰባሰቢያ አዘጋጁ። አዳራሹ ከሐኪሟ ክፍል ጋር የተያያዘ ነው። ክፍሏ ስለማይበቃው ማቀዝቀዣው የሚቆመው እዚያ አዳራሽ ጥግ ላይ ሲሆን፣ ሶኬቱ አጠገብ «እንዳትነቅሉ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። አዳራሹን የሚያስጌጡት ሰዎች ወረቀቱ ፎቶ ያበላሻል ብለው ገነጠሉት። ማቀዝቀዣውም አያምርም ብለው ትልቅ ሸራ ጋረዱበት። ሸራው ላይ የነበረው ፎቶ የማን ይመስልሻል? የልጄ! ያ ያበጠ ፊቷ፣ ከሥሩም «እንታደጋቸው» የሚል ጽሑፍ። ከዚያ ለድምፅ ማጉያው ሶኬት ሲያጡ፣ ከልጄ ፎቶ ጀርባ እጃቸውን ሰደው ማቀዝቀዣውን ነቀሉት!

እኔ ከረባት አስሬ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር እኮ! ወይዘሮ ሪባን በዚያ ማጉያ «ለሕፃናት ኩላሊት ምርምር እጃችሁን ዘርጉ» ስትል መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ምርምሩ ከጀርባዋ እየቀለጠ ነበር። ሲያበቃ ወንበሩን ሰበሰቡ፣ አበባውን ተከፋፈሉ፣ ሶኬቱን ማንም አላሰበውም። እሑድ ዝግ ነው። ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ ስትገባ የቀለጠው ውሃ ከሸራው ሥር ወለሉ ላይ ተኝቶ ጠበቃት፤ ብልቃጦቹ ሁሉ ተበላሽተዋል።

ስሰማ ደሜ ፈላ። የያዝኩትን ደንበኛ አንዱን ጎን ብቻ አሳጥሬ ወጣሁ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ እስክመለስ ፎጣውን እንዳደረገ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ አገኘሁት። ወይዘሮ ሪባን ቢሮ እሳት ጎርሼ ስገባ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ሽንት አይደል እንዴ? ልጆቹ እንደገና ይሰጣሉ» አለችኝ። እህቴ፣ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የጤነኛ ልጅ ሽንትማ በየሽንት ቤቱ ሞልቷል። ያ ብልቃጥ የበሽታው ቀን ነው። ያንን ቀን እንደገና ማግኘት የሚቻለው ልጁ እንደገና ሲታመም ብቻ ነው። ይህንን ስነግራት ራሷን ነቅንቃ፣ በተሰበሰበው ገንዘብ ከበፊቱ የሚበልጥ ማቀዝቀዣ እንደሚገዛ፣ የለጋሾቹም ስም በሩ ላይ በወርቅ ቀለም እንደሚጻፍ አበሠረችኝ። ሪባኑን ደግሞ የእኔ ልጅ ትቁረጠው አለች። መቀስ ቤቴ ሞልቶ ተርፏል፣ ልጄ ባዶ ቁም ሣጥን ልትመርቅ አትመጣም ብያት ወጣሁ። ረዳቷ ደመወዝ ስላጣች ሥራዋን ልትለቅ ነው። ረዳት ከሌለ ጥናቱ ይዘጋል። እነሱ ቀለም ይመርጣሉ!

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት፣ ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። እርሳሷን አስቀመጠችና «እና እኔ እንደገና ልታመም?» አለችኝ። ሞቼ እገኛለሁ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ትንሽ ብቻ ብታመምስ?» አለች፣ ልክ ላጲስ እንደምታውስ ልጅ። እናቷ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ይህን ወይዘሮ ሪባን ብትሰማው ብዬ ተመኘሁ፣ ከዚያ ደግሞ በማጉያ ታስደግማት ነበር ብዬ ተውኩት።

እናም ወላጆች ሁሉ ፀጉር ቤቴ ተሰብስበን ተስማማን። ገንዘቡ ለረዳቷና ለጥናቱ ካልዋለ ማንም ልጁን ለፎቶ አይሰጥም፣ ለሪባኑም ማንም አይሄድም። ለኮሚቴው ፊት ለፊት ነገርናቸው። «ይታሰብበታል» ተባልን። በዚህ ሳምንት ደግሞ ከወላጆቹ የአንዲቷ ልብስ ሰፊ ልጅ አገረሸበት። እናቱ እያለቀሰች ነው ብልቃጡን ይዛ የደረሰችው። ሐኪሟ በር ላይ በሁለት እጇ ተቀበለቻት፤ ደስ አላት፣ ደስ በማለቷም አፍራ አንገቷን ደፋች። አየሽ ምን እንዳደረጉን? የሕፃን ፊት ሲያብጥ «እሰይ» እስክንል አደረሱን! ብልቃጡ ከጎረቤት ክፍል በልመና በተገኘ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል።

አንቺ ደግሞ ያዋጡትን ሰዎች ሁሉ ምንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። እኛ የሰጠነው ለምርምሩ ነው፣ ለቀለም አይደለም ብላችሁ አንድ ላይ ጻፉልኝ። የሩቅ ሰው ሲጠይቃት ወይዘሮ ሪባን ትደነግጣለች፣ እኛን ለምዳናለች።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ መነጽሯንም አድርጊላት። ለባለቤትሽ ሳሉን ንቆ እንዳይተወው ተቆጥቶሃል በይው። ትልቁ ልጅሽ በመኪና ማጠቢያው ሥራ እንዲበረታ፣ መንትዮቹም እርስ በርስ ፀጉር መቁረጣቸውን እንዲተዉ፣ ሥራውን ለአጎታቸው እንዲለቁለት ንገሪልኝ። ባለቤቴን በጣም ናፍቀሻታል። ልጄን ድንቡሼ ማለቱን ግን ሁላችሁም ተዉልኝ። አሁን ቀጭን ናት፣ ቀጭን ሆና ትደግልኝ። በየጠዋቱ መመርመሪያዋን ወረቀት ሽንቷ ውስጥ የምትነክረው ራሷ ናት። አረንጓዴ ከሆነ በሽታው ተመልሷል ማለት ነው፣ ቢጫ ከሆነ ደህና ናት። ይህን ስጽፍ በትከሻዬ አጮልቃ አየችና «ለአክስቴ ዛሬም ቢጫ ነው በልልኝ፣ ግን ሐኪሟ እንዳትሰማ» አለችኝ።

ወንድምሽ

ከፀጉር ቤቱ የኋላ ክፍል፣ መጋቢት ፲፬ ቀን