ከመጋረጃችን ላይ ስላነሳችሁልን እድፍ

ለክቡራን የቆዩ የቤት ቪዲዮዎች የምስል ጥራት ገምጋሚና አዳሽ ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት
ባላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእናንተ ለክቡራን፣ ለዓይናችሁም ጭምር፣ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። ዓይናችሁን ለይቼ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአገሩን ሰው ሰርግና ምርቃት፣ መውሊድና ልደት በየካሴቱ ስትመለከቱ የከረማችሁት በእሱ ነውና አላህ ብርሃኑን ያብዛላችሁ። ሙቀታችን ቢሯችሁን፣ የመብራት መቆራረጡም ኮምፒዩተራችሁን እንዳይነካባችሁ ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ በሸዋ ሮቢት ከተማ ሽንኩርት የምነግድ ነጅሙዲን የተባልኩ ሰው ነኝ። ይህንን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌም ምስጋናዬ መዝገብ ቤት ገብቶ አቧራ እንዳይጠጣ ሰግቼ ነው፤ አቧራን ምን ያህል እንደምትጠሉ አውቃለሁና።

እንደምታስታውሱት በበጋው በድምፅ ማጉያ በከተማችን እየዞራችሁ ያረጁ የቪዲዮ ካሴቶቻችንን እንድናመጣ፣ እናንተም አጽድታችሁ፣ የምስል ጥራታቸውን መዝናችሁ ደረጃ እንደምትሰጡ፣ በፍላሽ ገልብጣችሁም እንደምትመልሱ ስታስታውቁን፣ እኔም የሰርጌን ካሴት በፌስታል ጠቅልዬ አመጣሁላችሁ። ካሴቱን የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የቀረጸው የከተማችን ቪዲዮ አንሺ ጋሼ ታደሰ ነው። ማጫወቻችን አርጅቶ ክሩን መብላት ስለጀመረ፣ አንድ ቀን በጥሶት እንዳያርፍ እየፈራሁ ነበርና ጥሪያችሁን ከሰማይ እንደወረደ ቆጠርኩት። ከጥቂት ወራት በኋላም በከተማው አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት፣ የእኔ ሰርግ በጥራት አንደኛ መውጣቱ ተነገረ። የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም ለምን እንደማጨበጭብ ሳላውቅ አብሬ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ፍላሹን ቤቴ ወስጄ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ቅሬታ ብዬ እንዳልጠራቸው ውለታችሁ የሚከለክለኝ፣ ሌላ ስም ግን ያጣሁላቸው ነጥቦች የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ፊቶቻችን አመሰግናለሁ። ኒካሐችንን ያሰሩት ሀጂ አብዱረሂም፣ አላህ ይዘንላቸው፣ በልጅነታቸው ፈንጣጣ የጎበኛቸው ሰው ነበሩ፤ በዚያ ፊታቸው ነበር አገር የሚያውቃቸው። እናንተ ግን ፊታቸውን እንደተላጠ እንቁላል አለስልሳችሁት የገዛ ልጆቻቸው መጥተው አይተው፣ ይህ የተከበረ ወጣት ማነው ብለው ጠየቁኝ። እኔም በጣም ቀልቻለሁ። ባለቤቴ ሳሚያ ይህንን ሰው በፍጹም እንዳላገባችና ያገባችው ጠይሙ ምን እንደሆነባት ለማወቅ እንደምትሻ ነግራኛለች።

ሁለተኛ፤ ስለ አገራችን አመሰግናለሁ። ሰርጉ የነበረው ማሽላ ታጭዶ አገዳው ለከብት በተከመረበት ወር ነው። እናንተ በዙሪያችን ያለውን የቀወትን ማሳ ከዳር እስከ ዳር አለምልማችሁት፣ አቧራውን ጠራርጋችሁ፣ ሰማዩን ሰማያዊ ቀብታችሁ፣ እኛን ቆለኞቹን ከጣርማ በር ዳገት ወዲያ ወስዳችሁ ደገኛ አድርጋችሁናል። የሰርጌ አህዮች እንኳን ታጥበዋል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሥቄ አልፌዋለሁ። ሦስተኛውን ግን ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁና፣ አረፍተ ነገሬ ቢንዛዛ ክቡራን በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ መጋረጃው። በእኛ ዘንድ የሰርግ ዳስ በነጭ አቡጀዲ መጋረጃ ለሁለት ይከፈላል፤ ወዲህ ወንዶች፣ ወዲያ ሴቶች ይሆናሉ፤ ካሜራም ወዲያ አያልፍም። ጋሼ ታደሰ ክርስቲያን ቢሆንም ወጋችንን ከእኛ እኩል የሚያውቅ ሰው ነውና አላለፈም። ሴቶቹ ድቤ እየመቱ መዝፈን ሲጀምሩ ግን፣ ድምፁ የሚመጣበትን ካላሳየሁ ሰርጉ ጎደሎ ይሆናል ብሎ ካሜራውን ወደ መጋረጃው አዙሮ ቆመ። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ተሰግዶ አብቅቷል፤ ፀሐይዋ ከሴቶቹ ጀርባ ወደ ተራራው እያዘቀዘቀች ነው፤ ቆማ የምታቀነቅነውን ልጅ ጥላ ከነድቤዋ አቡጀዲው ላይ ጣለችው። ነጠላዋን ስታጣፋ ይታያል፤ እጇን ስታነሳ ይታያል፤ ወደኋላ ዞራ ስትሥቅም ትከሻዋ ይታያል። ልጅቷ ታናሽ እህቴ ኑርሃን ነበረች።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ ቀወት ካለችው አክስታችን ዘንድ ስትመለስ የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ወሰዳት። ወንዙን ተከትለን እስከ ቆላው መጨረሻ ወረድን፤ አላገኘናትም። ፎቶግራፍ መነሳት አትወድም ነበር፤ አንሺ ባየች ቁጥር ፊቷን በሻርፗ ትሸፍናለች። የነበረቻት አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ናት፤ እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ነበረችና አብራት ሄደች። አባቴ በሕይወት ሳለ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብ አሰገደላት። እናቴ ከዲጃ ግን ያልቀበርኳትን ልጅ አላለቅስም አለች፤ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ለሙታን የሚወጣው ሰደቃም እንዲወጣላት አልፈቀደችም። ሸኾቹ መከሯት፣ ዘመድ ተቆጣት፤ ወይ ፍንክች።

እንግዲህ ከእህቴ በዚህ ዓለም ላይ የቀረችው ያቺ ጥላ ብቻ ናት። እናቴ ደግሞ ዛሬ ዓይኗ ከድቷታል፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ አይመለስም ያሉት ነው። ብርሃንና ጨለማን እንጂ የሰው መልክ አትለይም፤ የእኔንም ፊት የምታውቀው በእጇ ዳስሳ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነገር ግን ታያለች። ለእናንተ እስካመጣሁት ድረስ በየጁምዓው ከሶላት መልስ ካሴቱን እንከፍትላት ነበር፤ ወንበሯን ከቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር አስጠግታ ትቀመጣለች፤ መጋረጃው ሲመጣ ትነቃለች፤ ጥላዋ እጇን ስታነሳ እሷም እጇን ታነሳለች። በሸዋ ሮቢት ከተማ የእናቴን ያህል የምስል ጥራት መዝና የምታውቅ ሰው አልነበረችም ብዬ በድፍረት ልናገር፤ ከዚያ ሁሉ ፊልም ውስጥ ለእሷ ጥራት ያለው ያ ብቻ ነበር።

ከምስክር ወረቀቱ ጋር አያይዛችሁ በሰጣችሁኝ የግምገማ ውጤት ላይ እንዲህ ተጽፏል፤ «መጋረጃው ላይ የሚንቀሳቀስ ጥቁር እድፍ ተገኝቶ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል።» እውነት ነው፤ ተወግዷል። አቡጀዲው ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል።

አራተኛ፤ ሥራችሁ የምስል ጥራት ስለሆነ ድምፁን ስላልነካችሁብን አመሰግናለሁ። ፍላሹን በከፈትንበት በመጀመሪያው ጁምዓ እናቴ እንደ ወትሮዋ ተጠግታ ተቀመጠች። ድቤው ተመታ። የኑርሃን ድምፅ ያረጀው ማጫወቻችን ከሚያሰማው ይበልጥ ጠርቶ፣ አጠገባችን የቆመች ይመስል፣ ከባዶ ነጭ ጨርቅ ውስጥ መጣ። እናቴ ጥቂት ጠበቀችና፣ «ነጅሙ፣ ፀሐይዋ ገባች እንዴ?» አለችኝ። «ልጅቷ ትዘፍናለች እኮ፤ የት ቆማ ነው?» አለች። ከዚያ ተነስታ መዳፏን የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ አሳረፈችና ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው።

ክቡራን፣ እኔ ጂን ሲወራ ሥቄ የማልፍ ሰው ነበርኩ። ዛሬ ግን የሌለች ሰው ድምፅ ከምንም ውስጥ ሲመጣ ሰምቻለሁና እፈራለሁ። ጥላዋ በነበረችበት ዘመን ያ ድምፅ ባለቤት ነበረው፤ አሁን ማረፊያ አጥቶ ቤታችንን ይዞራል። ልጆቼ ቴሌቪዥኑ ካለበት ክፍል ብቻቸውን አይገቡም። ሳሚያ አንሶላ አጥባ ግቢ ስታሰጣ፣ ፀሐይ ዘንበል ሳትል በፊት ትሰበስበዋለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እኔ በበኩሌ ሰው ሳያየኝ የሱቄን ነጭ ሸራ ወደ ፀሐይ አዙሬ ወንበር ስቤ የተቀመጥኩበት ቀን አለ። የመጣ የለም።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ በደንባችሁ መሠረት ጥራት የጎደለው ቅጂ እንዳይዛመት ዋናው ካሴት ለባለቤቱ እንደማይመለስና ከሌሎቹ ጋር ተሰብስቦ እንደሚቃጠል የተረዳሁት ቢሯችሁ ድረስ በመጣሁ ጊዜ ነው። የተቀበለችኝ ልጅ ጨዋ ናት፤ ወንበር ሰጥታኝ፣ «ጋሼ፣ የተሻለውን ሰጥተንዎት የለም እንዴ? የባሰው ምን ያደርግልዎታል?» አለችኝ። ንግዴ ሽንኩርት ነውና ደረጃ ማውጣትን በመጠኑ አውቃለሁ፤ እኛም አንደኛና ሁለተኛ ብለን እንለያለን፤ ጭቃውንም እናራግፋለን። ጭቃውን ይዞ ሽንኩርቱን የሚጥል ግን እስካሁን ገበያችን ላይ አላየሁም። ይህንን ያኔ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ግን አመስግኛት ወጣሁ። ካሴቱ እንዳልተቃጠለና መጋዘን እንዳለ ነግራኛለችና ለዚያ ምስጋናዬ እውነተኛ ነው።

ጋሼ ታደሰንም ሌላ ቅጂ እንዳለው ጠይቄው ነበር፤ የለውም። አርጅቷል፤ ካሜራውንም ከሸጠ ቆይቷል። ያደረጋችሁትን ስነግረው፣ «እኔ እኮ ያነሳሁት እሷን ነው እንጂ መጋረጃውን አይደለም» አለኝ። ይህንን የባለሙያ አስተያየት በመዝገባችሁ ታሰፍሩለት ዘንድ አቀርባለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። አንደኝነቱን ለፈለጋችሁት ሰው ስጡልኝ፤ የምስክር ወረቀቱን ከነመስታወቱ እመልሳለሁ፤ ብትሹም በአዳራሹ ፊት ቆሜ ሰርጌ በአካባቢው እጅግ የደበዘዘ፣ እጅግ የተጫጫረ፣ አቧራ የበዛበት ሰርግ እንደነበር እመሰክራለሁ። ካሴቱን ብቻ ከነጭረቱ፣ ከነእድፉ መልሱልኝ። ሌላው ቢቀር እንዳታቃጥሉት። እህቴን አንድ ጊዜ ውኃ ወስዷታል፤ ደግሞ በእሳት አትውሰዱብኝ።

የአገራችንን ትዝታ አንድ በአንድ አጥባችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ክንዳችሁ እንዳይዝል፣ ዓይናችሁም ጥላ በሌለበት ሁሉ ብርሃን እንዳለ ማመኑን እንዳይተው እየተመኘሁ፣ ፈንጣጣው ከጠፋላቸው ሀጂ፣ ከታጠቡት አህዮችና መዳፏን ከመስታወቱ ላይ ገና ካላነሳችው እናቴ የተላከውን ሰላምታ ከእኔው ጋር አስተባብሬ አቀርባለሁ።

አንደኛ የወጣው ሰርግ ሙሽራ፣
ነጅሙዲን
ከሸዋ ሮቢት

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ልልከው ስል እናቴ ጠርታኝ፣ «እንግዲህ ሄዳለች። ሰደቃዋን አውጡላት» አለችኝ። ወንዙም፣ አባቴም፣ ሸኾቹም ይህን ሁሉ ዓመት ሊያሳምኗት ያልቻሉትን እናንተ በአንድ ጽዳት አሳምናችሁልናል። ሰደቃው በመጪው ጁምዓ ነውና በክብር ተጠርታችኋል። ካሴቱን ይዛችሁ ከመጣችሁ ሰደቃው ይቀራል፤ ምግቡን ለእናንተ ምሳ እናደርገዋለን፤ እናቴም ወንበሯን ታስጠጋለች። ባዶ እጃችሁን ከመጣችሁም ቅር አንሰኝም፤ ዳስ እንጥላለን፣ መጋረጃው አዲስ አቡጀዲ ነው፣ ፊት ለፊቱም ቦታ ይዘንላችኋል። የፈለጋችሁትን ያህል ብታዩት አንዳች እድፍ አታገኙበትም።